የበዓል ወጪና የባልና የሚስት ምክር

በምሥራቅ ሱዳን በገዳሪፍ ሜዳ የሰሊጡ አጨዳ በጥቅምትና በኅዳር ወራት ይደረጋል፤ የመከሩም ገንዘብ ከሠራተኛው እጅ የሚገባው ገና ሲቃረብ ነው። በኅዳር 2013 ዓ.ም. ከትግራይ ተሰደው በኡም ራኩባ ከተጠለሉት ወገኖቻችን መካከልም በእርሻ የቀን ሥራ የሚያድሩ ነበሩ።

በዚህ ወራት ባልና ሚስት ይከራከራሉ። ባል፥ «በሰው አገር ብንሆንስ ያለ በግ በዓል እንዴት ያልፋል?» ይላል። ሚስት ደግሞ፥ «መከሩ ካለቀ እስከ ሰኔ ዝናብ ድረስ ሥራ የለም፤ ልጆቹ ምን ይቀምሳሉ?» ትላለች።

እኛ እንደምናየው ሁለቱም እውነት አላቸው፤ እርሱ ለቤቱ ክብር፥ እርስዋ ለልጆችዋ ጉሮሮ ያስባሉ። ጥፋቱ ምክሩ ከገበያ በኋላ መምጣቱ ነው።

የነቢያት ጾም 43 ቀን ነው፤ ለምክር ይበቃል። ባልና ሚስት በቡና ሰዓት ተቀምጠው አስቀድመው እስከ ሰኔ የሚበቃውን የእህል ዋጋ ይለዩ፤ የቀረውን ለበዓል ይመድቡ። ለበግ ባይደርስ ከጎረቤት ጋራ ቅርጫ መግባት አያሳፍርም። በብድር የታረደ በግ ግን ሥጋው በሦስት ቀን ሲያልቅ ዕዳው ከቤት ይከርማል።