ያልተነበቡ ደብዳቤዎች ቍጥር ሲሳሳት ስለሚደረገው ማረሚያ

በእጅ ስልክም ሆነ በኮምፒውተር በኢሜይል የሚጻጻፍ ሰው ሁሉ በደብዳቤ ሣጥኑ ስም አጠገብ አንዲት ቍጥር ያያል። ይህች ቍጥር ገና ያልተነበቡት ደብዳቤዎች ስንት እንደሆኑ የምታስታውቅ ናት። አንዳንድ ጊዜ ግን ቍጥሯ 2 ወይም 3 እያለች ሣጥኑ ቢመረመር ያልተነበበ ደብዳቤ አንድም አይገኝም፤ አንዳንድ ጊዜም በተቃራኒው ቍጥሯ ጠፍታ ሳለች ማንም ያላየው ደብዳቤ በሣጥኑ ውስጥ ተቀምጦ ይገኛል። ነገሩ ለሰሚው ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም የአንድ ደብዳቤ መምጣት በቀን በቀን ለሚጠባበቅ ሰው ቀላል አይደለም።

በዚህ በድንበር አገር ጕዳዩ ከሌላው ስፍራ ይልቅ የሚከብድበት ምክንያት አለ። በጥቅምት ወር መጨረሻ 2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት በተነሣ ጊዜ ድንበር ተሻግረው ወደ ምሥራቅ ሱዳን የገቡት ሰዎች በጥቂት ወራት ውስጥ ከ60 ሺህ በላይ ሆነው ነበር። ከእነዚህም ብዙዎቹ አስቀድመው በከሰላ ግዛት በሐምዳይት ወይም በገዳሪፍ ግዛት በመንደር 8 ካረፉ በኋላ ወደ ኡም ራኩባና ወደ ቱናይድባህ ሰፈሮች ተዛውረዋል። ባል ከሚስቱ፥ ልጅ ከወላጁ በመንገድ የተለያየው ብዙ ነው። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ደግሞ በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ብዙ ሰው በገላባት በኩል ወደ መተማ ተሻገረ። እንዲህ ከስፍራ ወደ ስፍራ የሚዘዋወር ሰው ቋሚ የቤት አድራሻ የለውም፤ አብሮት የሚሄደው አድራሻ የኢሜይሉ ነው። የጠፋ ዘመድ ፍለጋ መልስ፥ የኤምባሲ ቀጠሮ፥ የትምህርት ማስረጃ፥ በውጭ አገር ያለ ወንድም የላከው ሰነድ ወደዚያች ሣጥን ይመጣል። ቀጠሮ የያዘ ደብዳቤ ቀኑ ካለፈ በኋላ ቢነበብ ምን ይጠቅማል?

ስለዚህ አስቀድሞ ቍጥሯ ከወዴት እንደምትወጣ ማወቅ ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ፕሮግራሙ ደብዳቤዎቹን በየጊዜው አንድ በአንድ የሚቈጥር ይመስለዋል፤ ነገር ግን እንዲህ አይደለም። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የደብዳቤው ወረቀት በፋይል ውስጥ፥ ቍጥሩና የገባበት ቀን ደግሞ በገቢ መዝገብ ላይ እንደሚቀመጥ የታወቀ ነው። ሹሙ «መልስ ያላገኘ ስንት ቀረ?» ብሎ ሲጠይቅ የመዝገብ ቤቱ ጸሐፊ ፋይሉን ሁሉ አያገላብጥም፤ መዝገቡን ገልጦ ይናገራል። ጸሐፊው አንድ ቀን መሰረዝ የሚገባውን ሳይሰርዝ ከዋለ መልሱ ስሕተት ይሆናል፤ ወረቀቶቹ ግን ሁሉም በስፍራቸው አሉ።

የኢሜይልም ሥርዓት ይህንኑ ይመስላል። ደብዳቤው ራሱ የሚቀመጠው ሰርቨር በሚባለው፥ በሩቅ አገር ባለ ኮምፒውተር ነው። በእያንዳንዱ ደብዳቤ ላይ «ታይቷል» የሚል ምልክት ይደረጋል ወይም አይደረግም። በእጃችን ያለው ስልክ የዚህን ግልባጭ ለራሱ ይጽፋል፤ ቍጥሯንም አብዛኛውን ጊዜ የሚያወጣው ከግልባጩ ነው። እንግዲህ ዋናውና ግልባጩ በተለያዩ ጊዜ ቍጥሯ ሐሰተኛ ትሆናለች።

በሰርቨሩና በስልኩ መካከል የሚሠራው የመነጋገሪያ ደንብ አይማፕ ይባላል። ይህን ደንብ እ.ኤ.አ. በ1986 መሥራት የጀመረው በአሜሪካ አገር በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ይሠራ የነበረው ማርክ ክሪስፒን ነው። የሚያስገርመው ነገር እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣው የደንቡ እትም ውስጥ «አንሲን» ማለትም «ያልታየ» የሚለው አንድ ቃል ሁለት ትርጕም ነበረው። ፕሮግራሙ ስለ ሣጥኑ ሁኔታ ሲጠይቅ ቃሉ ያልታዩትን ደብዳቤዎች ብዛት ያመለክታል፤ ሣጥኑን ሲከፍት ግን ከደብዳቤዎቹ መካከል የመጀመሪያው ያልታየ በስንተኛው ተራ ላይ እንዳለ ይናገራል። ተራውን ብዛት አድርጎ የተረዳ ፕሮግራም ቢኖር አንድ ብቻ ሳለ ዐርባ ሊል ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣው እትም ሁለተኛውን አነጋገር አስቀርቶታል። የመሐንዲሶች ቋንቋም እንደ ሕግ ቋንቋ አንድ ቃል ለአንድ ነገር ቢወሰን ይሻላል።

የስሕተቱ መነሻ በዚህ አካባቢ አብዛኛውን ጊዜ የመስመር መቋረጥ ነው። ሰው ደብዳቤውን መስመር በሌለበት ሰዓት ቢያነብ ስልኩ «ታይቷል» የሚለውን ምልክት ለራሱ ይጽፍና ወደ ሰርቨሩ ለማስተላለፍ መስመር ይጠብቃል። መስመሩ እስኪመለስ ድረስ ሰርቨሩ ስለ ንባቡ የሚያውቀው ነገር የለም። ከዚህም የሚከፋው መስመሩ በሥራው መካከል ሲቋረጥ ነው፤ ያን ጊዜ ግልባጩ ግማሹ አዲስ፥ ግማሹ አሮጌ ሆኖ ይቀራል። በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር መጨረሻ በሱዳን አብዛኛው ክፍል የስልክና የኢንተርኔት መስመር በጠፋ ጊዜ በስልክ ላይ ትታይ የነበረችው ቍጥር መስመሩ ከመጥፋቱ በፊት የነበረውን ቀን የምትናገር ነበረች። ቍጥሯ ዜሮ ስለሆነች ደብዳቤ አልመጣም ማለት አይቻልም ነበር።

ሌላም ለአገራችን ሰው ልዩ የሆነ ምክንያት አለ። ባትሪው ፈጽሞ ያለቀበት ስልክ አንዳንድ ጊዜ ቀኑን ያጠፋል፤ ባለቤቱም ቀኑን በእጁ ሲያስተካክል ዓመተ ምሕረቱን በኢትዮጵያ አቈጣጠር ይሞላዋል። ስልኩም ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደ ኋላ የተመለሰ ይመስለዋል። ሰርቨሩ ማንነቱን የሚያረጋግጥበት የምስክር ወረቀት መጀመሪያና መጨረሻ ቀን ስላለው፥ ስልኩ «ይህ ገና ያልጸና ወረቀት ነው» ብሎ መገናኘትን እንቢ ይላል። አዲስ ደብዳቤም አይገባም፤ ቍጥሯም ባለችበት ትቆማለች። ስለዚህ ማናቸውም ሌላ ነገር ከመነካቱ በፊት የስልኩን ቀን መመልከት ይገባል።

እንዲሁም ቍጥሯ የምትቈጥረው ነገር በየፕሮግራሙ የተለያየ ነው። በጂሜይል በአንድ ጕዳይ ላይ የተመላለሱ ደብዳቤዎች በአንድነት ታስረው ስለሚታዩ፥ በአንድ እስር ውስጥ ሦስት ያልተነበቡ ቢኖሩ እንደ አንድ ሊቈጠሩ ይችላሉ። በአውትሉክ የኮምፒውተር ፕሮግራም በአራት ማዕዘን ቅንፍ ውስጥ የምትታየው ቍጥር የሁሉም ደብዳቤዎች ድምር ናት እንጂ ያልተነበቡት ብቻ አይደለችም፤ የረቂቆች ክፍል ዘወትር የሚታየው እንዲህ ነው። በብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ደግሞ በምልክቱ ራስ ላይ የምትታየው ቍጥር የምትከተለው የማስታወቂያዎችን ብዛት ነው፤ ማስታወቂያው በጣት ተጠርጎ ከተወገደ ደብዳቤው ሳይነበብ ቍጥሯ ትጠፋለች። እነዚህ ሁሉ ስሕተት አይደሉም፤ አለማወቅ ግን ስሕተት ያስመስላቸዋል።

ከሁሉ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው የአንድ አድራሻ የጋራ መሆን ነው። አንድ ማንበብና መጻፍ የሚችል ወጣት ለቤተ ሰቡ ሁሉ አንድ አድራሻ ይከፍታል፤ ያም አድራሻ በሦስት ወይም በአራት ስልክ ላይ ይገባል። በመሥሪያ ቤትም እንዲሁ አንዱን ሣጥን ብዙ ጸሐፊዎች ይከፍቱታል። «ታይቷል» የሚለው ምልክት ግን የደብዳቤው ነው እንጂ የሰውየው አይደለም። አንዱ ደብዳቤውን ከከፈተ፥ ባያነበውም እንኳ፥ ለሁሉም የታየ ሆኖ ይመዘገባል። እናቲቱ የምትጠብቀውን መልስ ታናሽ ልጅ ሌላ ነገር ሲፈልግ በጣቱ ነክቶት ቢያልፍ በእርሷ ስልክ ላይ ምንም ቍጥር አይታይም። ስለዚህ በጋራ አድራሻ ላይ ዜሮ የምትለው ቍጥር ለማንም ማረጋገጫ አይደለችም። ያልታየ ሆኖ መቆየት የሚገባውን ደብዳቤ የከፈተ ሰው «አንሪድ» የሚለውን ትእዛዝ በመስጠት ወደ አልተነበበነቱ ሊመልሰው ይችላል፤ ይህን ቤተ ሰብም መሥሪያ ቤትም ልማድ ቢያደርገው መልካም ነው።

ወደ ማረሚያው ስንመጣ፥ ብዙዎች የሚቸኵሉበትን መንገድ አስቀድሞ መከልከል ግድ ነው። «ማርክ ኦል አዝ ሪድ» የሚል፥ ሁሉንም እንደ ተነበበ የሚቈጥር ትእዛዝ አለ። በአንድ ንክኪ ቍጥሯን ያጠፋታል፤ ስልክ አስተካካዮችም ይህን አድርገው «ተሠርቷል» ይላሉ። ነገር ግን ቍጥሯ እውነተኛ ሆና በእርግጥ አንድ የተሰወረ ደብዳቤ ኖሮ ከሆነ፥ ይህ ሥራ ያንን ደብዳቤ ከተነበቡት ሺህ ደብዳቤዎች መካከል ጨምሮ ይቀብረዋል። ቍጥሯ ከመጥፋቷ በፊት ደብዳቤው መፈለግ አለበት።

ፍለጋውም እንዲህ ነው። መስመር ባለበት ስፍራ ስልኩ ወይም ኮምፒውተሩ ይከፈትና በፕሮግራሙ ሳይሆን በኢንተርኔት ማሰሻው፥ ለምሳሌ በክሮም፥ ወደ ኢሜይሉ ዋና ገጽ ይገባል። እዚያ የሚታየው የሰርቨሩ ቃል ነው። በጂሜይል በመፈለጊያው ስፍራ በእንግሊዝኛ ፊደል «ኢዝ» ተብሎ ይጻፋል፤ ቀጥሎ ያለ ክፍተት ሁለት ነጥብ፥ ከዚያም «አንሪድ» ይጨመራል። ያልተነበቡት ሁሉ፥ በፕሮሞሽንና በሶሻል ክፍሎች ያሉትም ጭምር፥ ተለይተው ይወጣሉ። ስፓም የሚባለውን የተጠረጠሩ ደብዳቤዎች ክፍል ግን ይህ ፍለጋ ስለማይደርስበት ለብቻው ተከፍቶ መታየት አለበት። በጂሜይል ስፓም ውስጥ የገባ ደብዳቤ ከ30 ቀን በኋላ ይሰረዛል፤ ከማይታወቅ መሥሪያ ቤት የመጣ እውነተኛ መልስ ወደዚያ የሚወድቅበት ጊዜ ስላለ ይህን ክፍል በየሳምንቱ መጐብኘት ትርፍ ሥራ አይደለም። በአይፎን የደብዳቤ ፕሮግራም ከዝርዝሩ ግርጌ ያለው የማጣሪያ ምልክት ሲነካ ያልተነበቡት ብቻ ይቀራሉ። የላኪው ቀን የተሳሳተ ደብዳቤ ደግሞ በአንዳንድ ፕሮግራም ከዝርዝሩ መጨረሻ፥ ከብዙ ዓመት በፊት ከመጡት ጋር ስለሚሰለፍ፥ ታችኛውን ጫፍ ማየት አይረሳ።

ሰርቨሩ ያልተነበበ የለም ካለና ስልኩ ግን አለ ካለ ጥፋቱ የግልባጩ ነው፤ መድኀኒቱም ግልባጩን ከዋናው እንደ ገና ማስጻፍ ነው። አንድ ጊዜ ዝርዝሩን በጣት ወደ ታች ስቦ መልቀቅ ብዙ ጊዜ ይበቃል። በአንድሮይድ ስልክ ካልበቃ በማስተካከያው ውስጥ ከፕሮግራሙ ስም ሥር «ክሊር ካሽ» የሚለው ይነካል። ከአጠገቡ ያለው «ክሊር ዳታ» ግን ሌላ ነገር ነው፤ ያልተላከ ደብዳቤ በስልኩ ላይ ካለ አብሮ ያጠፋዋል። ተንደርበርድ የተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ለእያንዳንዱ ክፍል ደብዳቤዎቹን በአንድ ፋይል፥ ማውጫውን በሌላ ፋይል ስለሚያስቀምጥ ማረሚያው ግልጽ ነው፤ በክፍሉ ስም ላይ በመዳፊቱ ቀኝ ቍልፍ ተጫንቶ «ፕሮፐርቲስ»፥ ከዚያም «ሪፔር ፎልደር» ሲባል ማውጫው ተጥሎ አዲስ ይጻፋል። በአውትሉክ በኤክስቼንጅ ሰርቨር ለሚሠራ መሥሪያ ቤት በክፍሉ ፕሮፐርቲስ ውስጥ «ክሊር ኦፍላይን አይተምስ» የሚለው ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ ደብዳቤዎቹ ከሰርቨሩ ተመልሰው ይወርዳሉ። ውርዱ የመስመር ዋጋ እንዳለው ግን መታሰብ አለበት፤ በሜጋባይት ሒሳብ ለሚከፍል ሰው ትልቅ ሣጥን እንደ ገና ማውረድ ቀላል ወጪ አይደለም።

የመጨረሻው መንገድ አድራሻውን ከስልኩ አውጥቶ እንደ ገና ማስገባት ነው። በዚህ ስፍራ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አድራሻው በአይማፕ የሚሠራ ከሆነ ደብዳቤው በሰርቨሩ ስላለ አይጠፋም። ፖፕ በሚባለው በአሮጌው ደንብ የሚሠራ ከሆነ ግን ደብዳቤዎቹ ወደ መሣሪያው ከወረዱ በኋላ ከሰርቨሩ ተሰርዘው ሊሆን ይችላል፤ ያን ጊዜ አድራሻውን ማውጣት ብቸኛውን ቅጅ ማጥፋት ነው። በፖፕ «ታይቷል» የሚለው ምልክትም በሰርቨሩ ላይ ስለማይጻፍ፥ ሁለት መሣሪያ ያለው ሰው ሁለት የተለያየ ቍጥር ማየቱ የማይቀር ነው፤ ይህንንም ማረም የሚቻለው አድራሻውን ወደ አይማፕ በማዛወር ብቻ ነው። አድራሻውን ከማውጣት በፊት ደግሞ የይለፍ ቃሉ መታወቁን ማረጋገጥ ይገባል። አድራሻው በተከፈተ ጊዜ የተሰጠው የስልክ ቍጥር የሱዳን ሆኖ ዛሬ የማይሠራ ከሆነ፥ የረሳውን የይለፍ ቃል ለማስመለስ የሚላከው ምስጢር ቍጥር ለባለቤቱ አይደርሰውም። እንዲህ ያለ ሰው አድራሻው ገና ክፍት ሳለ አዲሱን የስልክ ቍጥር በማስተካከያው ውስጥ ያስመዝግብ።

ይህ ሁሉ ሥራ ያለ ሌላ ሰው የይለፍ ቃል ማወቅ ይፈጸማል። አስተካካዩ የሚያስፈልገው ቢሆን እንኳ ቃሉን ባለቤቱ ራሱ በእጁ ይጻፈው። «ያልታየ ደብዳቤ አለህ፤ የማስከፈቻ ዋጋ ክፈል» ብሎ የሚጽፍ ወይም የሚናገር ሰው ከተገኘ አታላይ ነው። የተባበሩት መንግሥታት የስደተኞች ኮሚሽን ለአገልግሎቱ ምንም ዋጋ አያስከፍልም።