ሚዛኑ አልወርድም ሲል

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደስ የሚሉ ነበሩ። የሻይዎን ስኳር ቀነሱ፤ ማታ ማታ ዳቦ መብላት ተዉ፤ ጠዋት ባጃጅ መያዙን ትተው እስከ ሥራ ቦታ በእግርዎ መሄድ ጀመሩ። ጭሮን ለሚያውቅ ሰው ያ እግር ጉዞ ቀላል አይደለም፤ ከተማዋ የጨርጨር ተራሮች ልጅ ናት። ሁለት ኪሎ ወረደ፣ ከዚያ አራት፣ ከዚያ ስድስት። ቀበቶዎ አንድ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ገባ። ጎረቤት “ምነው ከሱ፣ አሞዎት ነው እንዴ?” ማለት ጀመረ፤ በእኛ አገር ይህ ጥያቄ አድናቆትም ስጋትም ነው። ከዚያ ግን ሚዛኑ ቆመ። አመጋገብዎ ያው፣ እግር ጉዞው ያው፤ ቁጥሩ ግን ወር ሙሉ ንቅንቅ አላለም።

ብዙ ሰው ተስፋ የሚቆርጠው እዚህ ላይ ነው። ገሚሱ “የእኔ ሰውነት አይከሳም” ብሎ ወደ ድሮው ገበታ ይመለሳል፣ የወረደውም ኪሎ ተከትሎት ይመጣል። ገሚሱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ እህል ሳይቀምስ መዋል ይጀምራል፣ ወይም “በሳምንት ያከሳል” የተባለ ሻይና እንክብል ፍለጋ ይወጣል። ሁለቱም መንገድ ከመያዝዎ በፊት ሚዛኑ ለምን እንደቆመ ቢያውቁ ይጠቅምዎታል።

ሰውነትዎ ያውቅብዎታል

በመጀመሪያው ሰሞን ከወረደው ኪሎ የተወሰነው ስብ ሳይሆን ውሃ ነው። ጉበትና ጡንቻ ውስጥ የተከማቸው ስኳር ከራሱ በላይ የሚመዝን ውሃ ይዞ ይቀመጣል፤ ምግብ ሲቀንሱ ክምችቱ ያልቃል፣ ውሃውም አብሮት ይሄዳል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ፍጥነት እንደማይቀጥል ከመነሻው የታወቀ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የበለጠ ክብደት አለው። 84 ኪሎ የነበረ ሰው 76 ሲሆን የሚሸከመው አካል ስላነሰ የሚያቃጥለው ጉልበትም ያንሳል። ኬቨን ሆል የተባሉ አሜሪካዊ ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጡት ሥራ እንዳሰሉት፣ በቀነሰው በእያንዳንዱ ኪሎ ሰውነት በቀን የሚያቃጥለው ጉልበት ከ20 እስከ 30 ካሎሪ ይወርዳል፤ የምግብ ፍላጎት ግን በኪሎ ወደ 100 ካሎሪ ገደማ ይጨምራል። ስምንት ኪሎ ለቀነሰ ሰው ያባዙት። ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ሰነፍ አልሆኑም፤ ከበፊቱ በብዙ የበለጠ ረሃብ ተሸክመው ነው የሚውሉት። እ.ኤ.አ. በ1994 የተገኘው ሌፕቲን የተባለ ሆርሞን የሚመነጨው ከስብ ነው። ስቡ ሲቀንስ ሆርሞኑም ይቀንሳል፣ አንጎልም “ክምችቱ እያለቀ ነው፣ ብላ” የሚል መልእክት ይደርሰዋል።

ታዲያ መፍትሔው የባሰ መራብ ይመስላል? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945፣ አንሴል ኪስ የተባሉት ሳይንቲስት በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወጣቶችን ለስድስት ወር ግማሽ ያህል ምግብ እየመገቡ ተከታትለዋል። ወጣቶቹ ከክብደታቸው ሩብ ያህሉን አጡ። ይሁንና በበጋ ሳይቀር ይበርዳቸው ጀመር፣ ጉልበታቸው ደከመ፣ የሚያስቡትም ስለ ምግብ ብቻ ሆነ፤ የምግብ አሠራር መጽሐፍ እያገላበጡ የሚውሉም ነበሩ። ሰውነት ሲራብ ይቆጥባል። ቀኑን ሙሉ ጦሞ የሚውል ሰው ማታ ምን ያህል እንደሚበላ ደግሞ ቤትዎ ውስጥ ያዩታል።

ያልተቆጠረው ምግብ

እንግዲህ ፈራ ተባ ሳይሉ ሊጠየቅ የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው፦ የሚበሉትን በሙሉ ያውቁታል? እ.ኤ.አ. በ1992 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት “በጣም ትንሽ እየበላን አልቀንስ አልን” ያሉ አሥር ሰዎችን መርምሮ ነበር። ሰውነታቸው ጉልበት የሚያቃጥልበት ፍጥነት ጤነኛ ሆኖ ተገኘ። ችግሩ ከሚበሉት ውስጥ ግማሽ ያህሉን ሳይቆጥሩት መቅረታቸው ነበር። ውሸታሞች ነበሩ ማለት አይደለም፤ ሰው ምሳና እራቱን ያስታውሳል፣ በመሐል የቀመሰውን ይረሳል።

በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች ይህ “መሐል” የት እንደሚገኝ ለማወቅ ብዙ መፈለግ አያሻም። ከምሳ በኋላ ያለው ሰዓት ነው። በጭሮም ሆነ በሂርና፣ በበዴሳም ሆነ በገለምሶ ከሰዓት በኋላ የበርጫ ነው። ጫት የአካባቢው የገቢ ምንጭ እንደመሆኑ የእንግዳ መቀበያና የወግ ማድመቂያም ነው፤ እርስዎ ባይቅሙ እንኳ ባለቤትዎ ወይም እንግዳዎ ይቅማሉ፣ ሻዩና ኦቾሎኒውም ቤት ውስጥ ይዞራል።

“ጫት ያከሳል” የሚሉ ሞልተዋል። እውነት ነው፣ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን ረሃብን ያጠፋል፣ ጨጓራም ምግብን ቶሎ እንዳያሳልፍ ያዘገያል። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው ምሳውን ይዘላል፣ ወይም ቀማምሶ ይነሳል። ግን እስቲ የአንድ ከሰዓት ሂሳብ እንሥራ። አንድ 300 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለ፤ ሁለት ጠርሙስ ከጠጡ 240 ካሎሪ ያህል ነው። ሦስት ብርጭቆ ሻይ በሁለት ሁለት ማንኪያ ስኳር ወደ 100 ካሎሪ ይጠጋል። ሁለት እፍኝ ኦቾሎኒ፣ 60 ግራም ቢሆን፣ ከ330 ካሎሪ በላይ ነው። ድምሩ 670 ገደማ መጣ። ይህ አንድ ሙሉ ምሳ ነው፤ የበላው ሰው ግን “ዛሬ ምሳም አልበላሁ” ይላል፣ ከልቡም ያምነዋል።

ሂሳቡ በዚህ አያበቃም። ምርቃናው ሲበርድ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ የታፈነው ረሃብ በአንዴ ይነሳል። ያን ጊዜ የሚቀርበው በዘይት የተጠበሰ ሩዝ ወይም ፓስታ ነው፤ ጨብሲ ከተጨመረበት ደግሞ ቢራውም ይቆጠራል። እንቅልፍ ዘግይቶ ይመጣል፣ በቂ ያልተኛ ሰውም በማግሥቱ የባሰ ይርበዋል። ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግም አይርሱ። ለክብደት ብሎ ጫት መቃም፣ በእኔ እይታ፣ በአንድ ኪስ ያስገቡትን በሌላው ማውጣት ነው።

ገበታውን እንዴት ልለውጠው?

መጀመሪያ ምግቡን ወደ ቀን ይመልሱት። ጠዋት ባዶ ሆድ በጣፋጭ ሻይ፣ ወይም ዘይትና ማር በጠገበ ፈጢራ ከመጀመር፣ ዘይቱ የተቀነሰ ፉል፣ ወይም ሁለት የተቀቀለ እንቁላል ከማሽላ ቂጣ ጋር ቢበሉ እስከ ምሳ ይይዝዎታል። ባቄላ፣ ምስር፣ ሽምብራና እንቁላል ገንቢ ናቸው፤ ከዱቄትና ከስኳር ይልቅ ረሃብን ለረጅም ሰዓት ያስታግሳሉ፣ ክብደት በሚቀንሱበት ጊዜም ጡንቻዎ እንዳይጎዳ ይረዳሉ። በሐረርጌ ሁልበት የሚባለው፣ አብሽ ተነክሮና ተመትቶ የሚዘጋጀው፣ በዚህ ረገድ የተናቀ ሀብት ነው፤ ሲነከር እንደ ሙጫ የሚያብጠው አሰሩ ሆድ ውስጥም የመጥገብ ስሜት ይሰጣል። ከመረቁ ላይ ቅቤውን መቀነስ ግን የእርስዎ ፈንታ ነው።

ስለ ማሽላ አንድ ነገር ልበል። “የማሽላ እንጀራ አያወፍርም” ሲባል ይሰማል። የማሽላ ዱቄት ካሎሪ ከስንዴው ብዙም አይራራቅም። የሚበልጠው ከነገለባው ሲፈጭ አሰሩ ስለማይጠፋ ነው። ስለዚህ ማሽላውን ይብሉ፣ መጠኑን ግን ይዩት።

መጠን ማየት በእኛ ቤት ከባድ ነው፤ አንድ ማዕድ ላይ አብረን ስለምንበላ የራሳችን ድርሻ የት እንደሚያልቅ አናውቅም። ሳህንዎን ለይተው ቤተሰቡን ማስቀየም አያስፈልግዎትም። የሚበሉትን እንጀራ አስቀድመው ጠቅልለው በበኩልዎ ያስቀምጡ፣ ያ ሲያልቅ እጅዎን ይታጠቡ። ከበፊቱ ሩብ ያህል ብቻ ይቀንሱ፤ ግማሹን ከቀነሱ ከሦስት ቀን በላይ አይዘልቁም። የቀነሱትን በጎመን፣ በካሮት፣ በቲማቲምና በቃሪያ ይሙሉት። ጉርሻ ሲመጣ አንዱን ይቀበሉ፤ ሁለተኛው ላይ ፈገግታ ይበቃል።

ዘይት ሳይታወቅ ገብቶ ሚዛኑን የሚያቆም ሌላው ነገር ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ አለው፤ ከጄሪካን በቀጥታ ወደ ድስት ሲፈስ ደግሞ ማንኪያው አይቆጠርም። የጾም ምግብ ቀላል ነው ብለን ዘይት የተንሳፈፈበት ሽሮ እንበላለን። በረመዳንም ቀኑን የጾመ ሰው ማፍጠሪያው ላይ ሳምቡሳውን ሲደራርብ ዋጋው ያው ነው። ለቤተሰቡ የወር ዘይት ስንት ሊትር እንደሚገዙ አንድ ጊዜ ይመዝግቡና በቤቱ ሰው ያካፍሉት።

የሚጠጣውም ይቆጠራል። ከሜኢሶ በኩል የሚመጣው የግመል ወተት ጥሩ ምግብ ነው፤ ግን ምግብ ነው፣ እንደ ውሃ አይጠጣም። ከቡና ገለባ በወተት የሚፈላውን ሆጃ የሚወዱ ከሆነ ስኳሩን ተዉት፣ በጨው የሚጠጡትም አሉ፤ የደም ግፊት ካለብዎ ግን ጨውም አይሁን። በርጫ ላይ መቀመጥዎ ካልቀረ ምሳ በልተው ይቀመጡ፣ ከጎንዎ ውሃ ይኑር፣ ኦቾሎኒውን ከሳህኑ ላይ ሳይሆን ቆጥረው በእጅዎ ይውሰዱ። አገራችን በ2014 ዓ.ም. ይፋ ያደረገችው የመጀመሪያው የአመጋገብ መመሪያም የሚለው ተመሳሳይ ነው፦ ጥራጥሬ፣ አትክልትና ፍራፍሬ ይብዛ፣ ስኳር፣ ጨውና ስብ ይቀነስ።

ሚዛን ላይ በየቀኑ አይውጡ። በሳምንት አንድ ጠዋት፣ ከቁርስ በፊት ይበቃል። ሴቶች በወር አበባ ሰሞን ውሃ ስለሚይዙ ያን ሳምንት ይዝለሉት። ወገብዎንም በሜትር ይለኩ፤ ኪሎው ቆሞ ወገብ የሚቀንስበት ጊዜ አለ። ለውጡን አራት ሳምንት ይስጡት።

አራት ሳምንት ቆይተውም ካልወረደስ? እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት፣ ለስኳር በሽታ የተጋለጡ ሰዎች ከክብደታቸው 7 ከመቶ ያህል እንዲቀንሱና እንዲንቀሳቀሱ ሲረዱ በበሽታው የመያዝ ዕድላቸው በ58 ከመቶ መውረዱን አሳይቷል። ለ84 ኪሎ ሰው 7 ከመቶ ማለት ስድስት ኪሎ እንኳ አይሞላም። ሚዛንዎ የቆመው ምናልባት ከዚያ በታች ወርዶ ይሆናል። እዚያው መቆየት ራሱ ሥራ ነው።

ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም የሚያጠቡ ከሆነ ምግብ መቀነስ አሁን አይደለም። የስኳር ወይም የግፊት መድኃኒት የሚወስዱ ደግሞ ምግብ ሲቀንሱ የመድኃኒቱ መጠንም መታየት ስላለበት፣ በጭሮም ይሁን በገለምሶ ሆስፒታል ሐኪምዎን አስቀድመው ያነጋግሩ። ድካም፣ ብርድ መፍራትና የፀጉር መርገፍ አብሮ ካለ የእንቅርት እጢዎ እንዲመረመር ይጠይቁ፤ ቀላል የደም ምርመራ ነው።