«አባባ፣ ይሄ እውነት ነው?»

ቦሌ አራብሳ ኮንዶሚኒየም መብራት ሲጠፋ ቲቪም ዋይፋይም የለም። የ14 ዓመቱ የልጅ ልጄ የይስማዕከ ወርቁን «ዴርቶጋዳ» ያነሳው እንዲህ ባለ ምሽት ነው። በ2001 ዓ.ም. የወጣ፣ ስለላ፣ ምስጢርና ጣና የተጠላለፉበት ልብ ወለድ ነው፤ «ራማቶሓራ» እና «ዣንቶዣራ» ተከትለውታል።

በሦስተኛው ቀን «አባባ፣ ጣና ውስጥ እውነት ምስጢር አለ?» አለኝ። «ተረት ነው» ብለው መጽሐፉን ይዘጋዋል ብዬ ሰጋሁ። ለሁለት የተከፈለ ወረቀት ሰጠሁት፤ በአንዱ እውነቱን፣ በሌላው ፈጠራውን እንዲጽፍ። የደሴት ገዳማቱና የብራና መጻሕፍታቸው እውነት ጋ ገቡ። «ብራናውን ማን ያነበዋል ታዲያ?» አለ። ጥሩ ጥያቄ ነው!

ግድግዳችን ላይ ያለውን ካላንደር አወረድን። የግዕዝ ቁጥሩን ኮድ መስሎት ነበር። ዜሮ እንደሌለው ስነግረው ይበልጥ ደነቀው። ትናንት የመጽሐፉን ዓመት በእርሳስ ጽፎ አሳየኝ፦ ፳፻፩።