ለመብራት መስመር የተሠራው የመኪና ሰም

በመብራት ምሰሶ አናት ላይ ሽቦውን ተሸክሞ ከምሰሶው የሚለየው የሸክላ ስኒ ኢንሱሌተር ይባላል። ንጹሕና ደረቅ እስከሆነ ድረስ ማንም አያስታውሰውም። ችግር የሚመጣው ወራቱን ሙሉ አቧራ ሲጠግብ ከርሞ ካፊያ ያረፈበት ቀን ነው። እርጥቡ አቧራ ከዳር እስከ ዳር የተያያዘ ስስ ሽፋን ይሆናል፤ ኤሌክትሪኩም በዚያ ላይ መሻገሪያ ያገኛል። ከዚያ ብልጭታ ነው፤ ከዚያ መብራት ይጠፋል። ለዚህ ከተገኙት መላዎች አንዱ ኢንሱሌተሩን ውሃ የማይጨብጥ ነገር መቀባት ነው። ውሃው መሰራጨት ሲያቅተው በየጠብታው ተበታትኖ ይወርዳል፤ ጠብታ ከጠብታ ካልተያያዘ ደግሞ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት መንገድ የለም።

በአሜሪካ፣ በኒውዮርክ ግዛት፣ ዩቲካ በምትባል ከተማ ከ1936 (በፈረንጆች አቆጣጠር) ጀምሮ ሰም የሚሠራ ኮሊናይት የሚባል ኩባንያ አለ። ቁጥር 845 የተባለው ፈሳሽ ሰሙ ዛሬም ድረስ በጠርሙሱ ላይ «ኢንሱሌተር ዋክስ» የሚል ስም ይዞ ይሸጣል፤ ስሙ ከዚያው ከኤሌክትሪኩ ሥራ የመጣ ነው። አሁን የሚታወቀው ግን በመኪና ነው። በ473 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ይመጣል፤ ዋጋው በአሜሪካ ገበያ ከ20 ዶላር ብዙም አይርቅም። ለሸክላው የተፈለገው ሁሉ ለመኪና ቀለምም ይፈለጋል፦ ፀሐይና ዝናብ ችሎ ወራት መቆየት፣ ቆሻሻ ማስለቀቅ፣ ደግሞም ርካሽ መሆን። ምሰሶ ላይ በየሳምንቱ እየወጣ የሚወለውል የለምና። ማንጸባረቁ ትርፍ ነው።

እኛ ግን የምንጀምረው ከትርፉ ነው። ላቫጆ ሄዶ «አንጸባርቁልኝ» ያለ ሰው መኪናው በሦስት መንገድ ሊያንጸባርቅለት ይችላል። አንዱ ቅባት ነው፤ ሲሊኮን ያለበት ፈሳሽ፣ ወይም ጭራሽ ነጭ ጋዝ የነካው ጨርቅ ይታሽበታል። ጠዋት ያብረቀርቃል፣ እስከ ማታ የሰፈሩን አቧራ ይሰበስባል። ሁለተኛው ፖሊሽ ነው። ፖሊሽ በውስጡ የሚፍቅ ደቃቅ ዱቄት አለበት፤ ቀለሙን ከላይ በስሱ እየበላ ጭረቱን ያስተካክላል። ሦስተኛው ሰም ነው። ፖሊሽ ይቀንሳል፣ ሰም ይጨምራል። ይህን ሳይለዩ በየሁለት ወሩ ፖሊሽ የሚያስደርጉ ሰዎች መኪናቸውን የሚንከባከቡ ይመስላቸዋል እንጂ እየላጡት ነው።

የሚላጠው ነገር ደግሞ ብዙ አይደለም። የፋብሪካ ቀለም ከታች እስከ ላይ ተደምሮ ከ100 እስከ 150 ማይክሮን ገደማ ነው፤ ማይክሮን ማለት የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው። ብረቱ ላይ የዝገት መከላከያው፣ ከዚያ ፕራይመሩ፣ ከዚያ ቀለሙ ራሱ፣ ከሁሉም በላይ ክሊር የሚባለው መልክ የሌለው ሽፋን ይደረደራል። ክሊሩ 40 ወይም 50 ማይክሮን ቢሆን ነው፤ ከራስ ፀጉር ይቀጥናል። የፀሐይን አልትራቫዮሌት የሚመክተው ቅመም ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ተፍቆ ያለቀ ክሊር በሌላ ቅብ ካልሆነ አይመለስም። ሰም የሚያኖረው ሽፋን ከአንድ ማይክሮን ያነሰ ነው፤ ሥራውም መበላት ነው። ዝናቡም ሳሙናውም የወፍ ኩሱም ክሊሩን ከመንካታቸው በፊት እሱን ያገኛሉ። ሲያልቅ በሌላ ይተካል።

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አልትራቫዮሌት በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ አየሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ ግን ለሰው አይታወቀውም፣ ለኮፈኑና ለጣሪያው ይታወቃቸዋል። ብዙዎቹ መኪኖቻችን እዚህ ሲደርሱም ወጣት አልነበሩም፤ የሌላ አገር ፀሐይ ጠግበው የመጡ ቶዮታዎች ናቸው። በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለውን ማቆየት የቁጠባ ብቻ ሳይሆን የግዴታም ጉዳይ ሆኗል። እውነቱን ለመናገር ፀሐይን በመመከት ረገድ ከሰም ብዙ አይጠበቅም። ለዚያ ጥላ ይሻላል። ችግሩ ጥላ የሚሰጠው ዛፍ ሙጫና ወፍ አለበት። የወፍ ኩስ ውስጥ ያለው አሲድ ፀሐይ ባሞቀው ክሊር ላይ ውሎ ካደረ ታጥቦ የማይለቅ ጠባሳ ይተዋል። ሰም ያለበት መኪና ኩሱን በራሱ አያራግፍም፤ ባለቤቱ እርጥብ ጨርቅ ይዞ እስኪደርስ ጊዜ ይገዛለታል።

ከሁሉ የከፋው ጉዳት ግን ከቅን ልብ የሚመጣ ነው። ጠዋት ጠዋት ዘበኛው ደረቅ ጨርቅ ይዞ የሌሊቱን አቧራ ሙልጭ አድርጎ ይጠርጋል። አቧራው ውስጥ ያለው ደቃቅ አሸዋ ከክሊሩ ይጠነክራል። ፀሐይ ሲያርፍበት ክብ ክብ ጭረት የሚታይበት ጥቁር መኪና ብዙውን ጊዜ ማንም አልጎዳውም፤ በፍቅር የተወለወለ ነው። ሰም ይህን ጭረት አይከለክልም። ነገር ግን ቆሻሻው ስለማይጣበቅበት አብዛኛው በውሃ ብቻ ይወርዳል፤ ጨርቁንም ሥራ ያስፈታዋል።

ሰሙ ራሱ ከየት መጣ? ዋነኛው ቅመም ካርናውባ ይባላል፤ በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ በሴያራና በፒያዊ ግዛቶች ከሚበቅል ዘንባባ ይገኛል። አገሩ ድርቅ የሚያጠቃው ነውና ዛፉ ውሃው ተንኖ እንዳያልቅበት ቅጠሉን በሰም ይለብጣል። ጎመን ያጠበ ሰው የዚህን ዘመድ ያውቀዋል፤ ቅጠሉ ላይ ያፈሰሱት ውሃ ሳያርሰው ተንከባሎ የሚወርደው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። በበጋ ቅጠሉ ይቆረጣል፣ ፀሐይ ላይ ይሰጣል፣ ሲደርቅ ይወቃና ዱቄቱ ይራገፋል፤ ዱቄቱ ቀልጦ ሲረጋ ሰም ይሆናል። ዛፉ አይሞትም፣ ለከርሞም ቅጠል ያወጣል። በ1935 (በፈረንጆች) ኸርበርት ጆንሰን የተባለው የአሜሪካ የወለል ሰም አምራች ዛፉ ለፋብሪካው ይበቃ እንደሆን በዓይኑ ሊያይ ከዊስኮንሲን ብራዚል ድረስ በውሃም በየብስም በምታርፍ አውሮፕላን ተጉዟል። ያን ያህል የሚፈለግ ነገር ነው። ሌላም ገጽ አለው፦ የብራዚል የሥራ ተቆጣጣሪዎች በካርናውባ እርሻዎች ከባርነት ባልተናነሰ ሁኔታ የሚሠሩ ሰዎችን አግኝተው ነፃ ያወጡባቸው ጊዜያት አሉ። ከረሜላና ክኒን የሚያብረቀርቁትም ከዚሁ ዛፍ ነውና ጉዳዩ የባለመኪናው ብቻ አይደለም።

ሰም በእጃችን እያለ ብራዚል ምን ወሰደን የሚል ይኖራል። ኢትዮጵያ በአፍሪካ በንብ ሰም ምርት ቀዳሚ ናት፤ እውነት ነው። የንብ ሰም ግን ከ62 እስከ 64 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ ይቀልጣል። ካርናውባ እስከ 82 ወይም 86 ይጠብቃል። ሰመራ ወይም ዱባይ ፀሐይ ላይ የዋለ ጥቁር ኮፈን 70 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ቶሎ መለስለሱ ለጧፍ የሚያስመርጠው የንብ ሰም ኮፈን ላይ በዚያው ጠባዩ አቧራ ይይዛል። በድብልቅ ውስጥ እንደ ማለስለሻ ይገባል፣ ብቻውን ግን አይሆንም።

ካርናውባም ብቻውን አይሆንም። ጠንካራና ተሰባሪ ስለሆነ በእጅ አይቀባም፤ ከነዳጅ በሚወጣ ማሟሚያ ካልለሰለሰ ከቆርቆሮው አይወጣም። «መቶ በመቶ ካርናውባ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ቆርቆሮ ስታዩ ይህን አስታውሱ። የተፈጥሮ ሰም የሚበዛበት ውድ ቅባት ለኤግዚቢሽን መኪና ደስ የሚል ድምቀት ይሰጣል፣ በጥቂት ሳምንታት ግን ይሄዳል። 845ን የመሳሰሉት ካርናውባውን ከሰው ሠራሽ ፖሊመር ጋር ያዋህዳሉ። ድምቀቱ ትንሽ ቢያንስ ነው፤ በልኩ ተቀብቶ መኪናው በኃይለኛ ሳሙና ካልታጠበ ግን አራት አምስት ወር ይቆያል። ለሠርግ መኪና የመጀመሪያውን፣ ልጆች ትምህርት ቤት ለሚያደርሰው መኪና ሁለተኛውን እመርጣለሁ።

አቀባቡ ቀላል ነው፤ የሚያበላሸው ችኮላና ስግብግብነት ነው። መጀመሪያ መኪናው በጥላ ሥር፣ በመኪና ሻምፖ ይታጠብ። የልብስ ኦሞ ቅባት ሊቆርጥ የተሠራ ነው፤ ያለውን ሰም ይወስዳል። ስለዚህ አሮጌውን ሰም ለማስለቀቅ አንድ ጊዜ ቢጠቅም ነው፣ ለዘወትር ግን አይሆንም። ከታጠበና ከደረቀ በኋላ እጃችሁን ፌስታል ውስጥ ከታችሁ ኮፈኑን ዳብሱት። ባዶ እጅ የማይሰማው ሻካራነት በፌስታሉ ይሰማል፤ የተጣበቀ ሙጫ፣ የብረት ብናኝ፣ የሬንጅ ፍንጣቂ ነው። እሱ በክሌይ፣ ማለትም ለዚሁ በተሠራ በሚለመጥ ማጽጃ፣ እየረጠበ ይነሳል። ሰም ቆሻሻን አያወጣም፤ ከላይ ከተቀባበት ከሥሩ አስሮ ያስቀምጠዋል።

ከዚያ ጠርሙሱ በደንብ ይናጥ። ይህ ሰም በብርድ ጊዜ ጠርሙሱ ውስጥ ይረጋል፤ ደብረ ብርሃንም ሚኒሶታም ያለ ሰው የተበላሸ መስሎት እንዳይጥለው። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ጥቂት ደቂቃ አቆይቶ መናጥ ይበቃዋል። ስፖንጁ ላይ ጠብ የምትለው ለአንድ ኮፈን ከሻይ ማንኪያ አትበልጥም። ስስ፣ በጣም ስስ መሆን አለበት፤ ሲቀባ ሊታይ ሊጠፋ የሚል ጉም ያህል። ሰው ሁሉ እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ወፍራም ሲቀባ ብዙ የተጠቀመ ይመስለዋል። ቀለሙን የሚይዘው የመጀመሪያው ስስ ንጣፍ ብቻ ነው፣ ትርፉ ጨርቅ ላይ ይቀራል፣ ሲደርቅም ክንድ እስኪዝል ያስወለውላል። ኮፈኑን ቀብታችሁ ወደ ፓራፋንጎው፣ ከዚያ ወደ በሩ እያላችሁ በየክፍሉ ሂዱ። ማሟሚያው ሲተን ሰሙ ይነጣል። በጣት ጫፍ ጫር ስታደርጉት ጥርት ብሎ ከለቀቀ ደርሷል፤ ከተለጠጠ አልደረሰም። በንጹሕ ማይክሮፋይበር አንሱት። ፀሐይ ላይ ከተቀባ ግን ማሟሚያው ድንገት ይተንና ሰሙ ተጋግሮ ይቀራል። በእኛ አየር ጠዋት ከ1 እስከ 3 ሰዓት ያለው ጊዜ ይመቻል።

ለአዲስ አበባ ሰው ጊዜው ከክረምት በፊት ግንቦት ላይ፣ ከክረምት በኋላ ደግሞ መስከረም አጋማሽ ላይ ቢሆን እላለሁ። በአሜሪካና በካናዳ ብርዳማ ከተሞች ለሚያሽከረክሩ ወገኖች ዋናው ከበረዶው በፊት ያለው ነው፤ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው በሰሙ ላይ ቶሎ ይታጠባል። የመኪናውን ሆድ ግን ሰም አይደርስበትም፤ ዝገት የሚጀምረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚያ ነው።

ሒሳቡን እንመልከት። አንድ አነስተኛ መኪና በስስ ከተቀባ 20 ሚሊ ሊትር ገደማ ይበቃዋል። አንድ ጠርሙስ ከ20 ጊዜ በላይ ይቀባል ማለት ነው፤ በዓመት ሁለት ጊዜ ለሚቀባ ሰው አሥር ዓመት። ጎረቤት ለጎረቤት ቢጋራውም ነውር የለበትም። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ሻንጣ ውስጥ ሲገባ ማሟሚያ ያለበት ፈሳሽ መሆኑን ግን አትርሱ፤ አየር መንገዱ ይፈቅድ እንደሆን አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

አሁን አሁን በከተማችንም ሴራሚክ የሚባለው ቅብ ይተዋወቃል። ሲሊካን መሠረት ያደረገ ነው፣ ከክሊሩ ጋር ይጣበቃል፣ በትክክል ከተሠራ ዓመታት ይቆያል። መጥፎ ነገር አይደለም። ዋጋው ግን አብዛኛውን ጊዜ ለፈሳሹ ሳይሆን ከሱ በፊት ለሚሠራው የፖሊሽ ሥራ ነው፤ ያ ሥራ በደንብ ካልተሠራ ሴራሚኩ ጭረቱን ከነመልኩ ያኖረዋል። ቀለሙ ዕድሜ የጠገበ፣ ነገ ታክሲ የሚገጨው ቪትዝ ላይ ያን ያህል ማውጣት አይታየኝም።

ሰም የማይገባበትም ቦታ አለ። ያልተቀባ ጥቁር ፕላስቲክ ላይ፣ ለምሳሌ አንዳንድ ፓራውልት ላይ፣ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ለማስለቀቅም ያስቸግራል። ማት የሆነ ቀለም ላይ አይነካም። ክሊሩ ተቀርፎ የሳሳ ጣሪያን አያድነውም፤ እዚያ የሚሠራው ስቱኮውና ብርጭቆ ወረቀቱ ነው። አዲስ የተቀባ መኪና ላይ ደግሞ ጭራሽ መቸኮል የለም። ጋራዥ የተቀባ ቀለም በእጅ ሲነካ ቢደርቅም በውስጡ የቀረው ማሟሚያ ለሳምንታት መውጣቱን ይቀጥላል፣ ሰሙ ከላይ ከደፈነው ቀለሙ ሳይጠነክር ይቀራል። እንደ ቀለሙ ዓይነት ከአንድ እስከ ሦስት ወር ይጠበቃል። ቀለም ቀቢው መኪናውን ሲያስረክብ «ሰምም ልጨምርልህ» ካለ፣ አመስግኖ ቁልፉን መቀበል ነው።