ወለምታ በቅቤ ይታሻልን?

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ የተነገረው ስለ አንደበት ጥንቃቄ ነው፤ ነገር ግን ሳናስተውለው ሌላም ነገር ነግሮናል፤ ይኸውም የእግር ወለምታ በቅቤ መታሸቱን ነው። ውድ አንባቢዎች፣ ዛሬ ላነሣላችሁ የፈለግሁት ይህንኑ ነው። ወለም ያለው እግር በውነት ይታሻልን? የሚታሽስ ከሆነ መቼና እንዴት?

ነገሩን እንዳስብበት ያደረገኝ በምሠራበት ትምህርት ቤት ሜዳ ላይ የደረሰ አደጋ ነው። በክፍሎች መካከል በተደረገ የእግር ኳስ ግጥሚያ አንድ ተማሪዬ ዘሎ ሲያርፍ እግሩ ወደ ውስጥ ታጠፈና ወደቀ። ጓደኞቹ ከበውት «ወለም ብሎት ነው፤ ይታሽ!» ሲሉ፣ እኔም አስተማሪያቸው ሆኜ ሳለሁ «ያዙልኝ» ብዬ እግሩን ሳብሁት። የልጁ ጩኸት እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። በማግሥቱ በራጅ ሲታይ አጥንቱ ተሰንጥቆ ተገኘ። ሐኪሙ «ስንጥቁ የመጣው ከአወዳደቁ ነው» ብለው ቢያጽናኑኝም፣ «መሳብ ግን አልነበረብህም» ከማለት አልተመለሱም።

ለመሆኑ ወለምታ ምንድን ነው? ብዙ ሰው አጥንት ከቦታው የወጣ ይመስለዋል፤ ስለዚህም «ይመለስ» ይላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ከቦታው የወጣ አጥንት የለም። ቁርጭምጭሚታችንን በውጭው በኩል አጥንት ከአጥንት ጋር አያይዘው የሚይዙ ሦስት ጅማቶች አሉ። እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ አስቀድሞ የሚጎዳው ከሦስቱ ደካማ የሆነው የፊተኛው ነው፤ ወይ ይለጠጣል፣ ወይ ይበጠሳል። እንዲህ ያለውን እግር በኃይል መጎተት፣ የተቀደደ ኩታ ለመስፋት ሁለቱን ጫፍ ይዞ እንደ መሳብ ነው።

እንግዲህ የመጀመሪያው ጥያቄ «አጥንቱ ደኅና ነውን?» የሚለው ነው። ለዚህም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1992 በካናዳ የኦታዋ ከተማ ሐኪሞች ቀላል መመሪያ አውጥተዋል። የተጎዳው ሰው ያን ጊዜውኑም ሆነ ኋላ በሐኪም ፊት 4 እርምጃ መራመድ ካቃተው፣ ወይም ከቁርጭምጭሚቱ ግራና ቀኝ ያበጡት ሁለት አጥንቶች በጫፋቸው ወይም በኋላቸው በኩል ሲነኩ ካመሙት ራጅ ይነሣ። የእግሩ መሐል አጥንት በውጭው ወይም በውስጡ ጠርዝ ሲነካ ካመመውም እንዲሁ ነው።

አጥንቱ ደኅና ከሆነስ? በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀኖች እግሩን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ለጥቂት ደቂቃ መያዝና በፋሻ መጠቅለል ይበጃል። ሙቅ ውሃና ብርቱ መታሸት ግን ደሙን አብዝተው እብጠቱን ስለሚያባብሱት ይቆዩ።

ታዲያ የእጅ ሕክምና ከንቱ ነው ማለት ነውን? አይደለም! እግር ወለም ካለ በኋላ ጉልበትን ወደ ፊት አሳልፎ እግርን የማጠፍ ችሎታ ይቀንሳል። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በአንድ እጁ ቅልጥሙን ይዞ በሌላው ከቅልጥሙ ሥር ያለውን አጥንት ቀስ እያደረገ፣ ሳያሳምም፣ ወደ ኋላ ይገፋዋል። በአውስትራሊያ በ41 ሰዎች ላይ ተደርጎ በ2001 በታተመ ጥናት ለሁሉም ዕረፍት፣ በረዶና ፋሻ ተሰጣቸው፤ ለከፊሎቹ ግን ይህ የእጅ ሥራ ተጨመረ። እጅ የነካቸው በጥቂት ቀጠሮ ብቻ እግራቸውን ያለ ሕመም ለማጠፍ በቁ። ልብ በሉ፤ ይህ ለስለስ ያለ ግፊት ነው እንጂ እኔ እንዳደረግሁት ጉተታ አይደለም።

እጅም ቢሆን ሥራውን ብቻውን አይፈጽምም። አንድ ጊዜ ወለም ያለው እግር ደግሞ ወለም ማለት ይወዳልና፣ ሕመሙ ሲቀንስ በአንድ እግር መቆም፣ ኋላም ዓይን ጨፍኖ መቆም፣ በጣት ጫፍ መነሣትና መውረድ ለሳምንታት መለማመድ ያስፈልጋል። መዳናችሁን ለመለካት ከግድግዳ ፊት ቆማችሁ ተረከዛችሁን ሳታነሡ ጉልበታችሁን ግድግዳው ላይ አስነኩ፤ የተጎዳው እግር እንደ ደኅናው ርቆ ካልቻለ ሥራው አላለቀም።

ባገራችን ቦርሳውን ይዞ ወደ ኳስ ሜዳ የሚሮጠውን ሰው ዛሬም «ወጌሻ» እንለዋለን። ስሙ ከአባቶች የመጣ ነው፤ ክብር ይገባዋል። የሠለጠነ እጅ ግን ከመንካቱ በፊት ይጠይቃል። ቅቤውም እጅን ያለሰልስ እንደሆነ ነው እንጂ የተበጠሰ ጅማት አይቀጥልም።

ተማሪዬ ድኖ እንደገና ኳሱን ይጫወታል። እኔም አሁን አንድ ልጅ ሲወድቅ አስቀድሜ የምለው «ያዙልኝ» ሳይሆን «አራት እርምጃ ልትራመድ ትችላለህ?» ነው። እናንተም እንዲሁ ጠይቁ።