የቀዶ ሕክምና ደህንነት ማረጋገጫ ዝርዝር

የቀዶ ሕክምና ደህንነት ማረጋገጫ ዝርዝር (በሆስፒታሎች አካባቢ በተለምዶ «ቼክሊስት») ቀዶ ሕክምና ሲደረግ ሐኪሙ፣ የሰመመን ባለሙያውና ነርሷ ድምፃቸውን አሰምተው በጋራ የሚያረጋግጧቸውን 19 ነጥቦች የያዘ የአንድ ገጽ ወረቀት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ጁን 25 ቀን 2008 እ.ኤ.አ. (ሰኔ 18 ቀን 2000 ዓ.ም.) በዋሽንግተን ከተማ ይፋ አደረገው። በስምንት አገሮች በተካሄደው የመጀመሪያ ጥናት የሞት መጠንን ወደ ግማሽ ገደማ ዝቅ ማድረጉ ስለታየ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በብዙ አገሮች የሆስፒታል ሥራ አካል ሆነ። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ውጤት አላገኙም፤ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ እስከ ዛሬ ያከራክራል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው።

ይዘቱ

ወረቀቱ ቀዶ ሕክምናውን በሦስት ቦታ ያስቆመዋል፦ ሰመመን ከመሰጠቱ በፊት፣ ቆዳ ከመቀደዱ በፊት፣ ታማሚው ከክፍሉ ከመውጣቱ በፊት።

በመጀመሪያው ማቆሚያ ታማሚው ገና ነቅቶ ሳለ ስሙ፣ የሚደረግለት ሕክምና፣ የሚቀደደው ቦታና ፈቃዱ ከራሱ አንደበት ይረጋገጣል። የሚቀደደው ቦታ ምልክት ተደርጎበት እንደሆነ ይታያል፤ ግራና ቀኝ ባለው አካል ላይ፣ ለምሳሌ በኩላሊት ወይም በጉልበት፣ ይህ ምልክት ከሌለ ጤነኛው ወገን የሚቀደድበት አጋጣሚ አለ። የሰመመን መሣሪያውና መድኃኒቶቹ መፈተሻቸው፣ በደም ውስጥ ያለውን የኦክስጅን መጠን የሚያሳየው ፐልስ ኦክሲሜትር በታማሚው ጣት ላይ ሆኖ መሥራቱ ይጠየቃል። ታማሚው የማይስማማው መድኃኒት አለ ወይ? የአየር ቧንቧው ለማስተንፈሻ ቱቦ ያስቸግራል ወይ? ከ500 ሚሊ ሊትር በላይ ደም ሊፈስ ይችላል ወይ? ለመጨረሻው ጥያቄ መልሱ «አዎ» ከሆነ ሁለት የደም ሥር መስመሮችና የሚተካ ፈሳሽ አስቀድመው ይዘጋጃሉ። ለሕፃናት መለኪያው በክብደት ነው፤ በአንድ ኪሎ 7 ሚሊ ሊትር።

ሁለተኛው ማቆሚያ ብዙ የተባለለት ነው። ምላጩ ቆዳ ከመንካቱ በፊት ሁሉም ሥራውን ያቆማል፤ በክፍሉ ያሉት በሙሉ ስማቸውንና የሥራ ድርሻቸውን ይናገራሉ። ለብዙ ሐኪሞች ይህ አላስፈላጊ ሥርዓት መስሎ ታይቷቸው ነበር። ከጀርባው ያለው ሐሳብ ቀላል ነው፦ ሥራው ሲጀመር አንድ ጊዜ ድምፁን ያሰማ ሰው፣ በኋላ አደጋ ሲያይ ለመናገር አይፈራም። ቀዶ ሐኪሙ የበላይ፣ ነርሷ የበታች ተደርጋ በምትታይበት ክፍል ውስጥ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ከዚያም ሐኪሙ ከተለመደው ውጭ የሚሆን እርምጃ ካለ፣ ምን ያህል ሰዓት እንደሚፈጅና ምን ያህል ደም እንደሚፈስ የሚገምተውን ይናገራል። የሰመመን ባለሙያው ስለዚህ ታማሚ በተለይ የሚያሰጋውን፣ ነርሷ ደግሞ መሣሪያዎቹ ከጀርም ስለመጽዳታቸው የተገኘውን ማረጋገጫ ይገልጻሉ። መመርቀዝን የሚከላከለው አንቲባዮቲክ ባለፉት 60 ደቂቃዎች ውስጥ መሰጠቱም እዚህ ላይ ይጠየቃል። መድኃኒቱ ቆዳው ሲከፈት በሥጋው ውስጥ በበቂ መጠን መገኘት አለበት፤ በጣም ቀድሞ ወይም ከቀዶው በኋላ ቢሰጥ ጥቅሙ ይቀንሳል።

በሦስተኛው ማቆሚያ የተደረገው ሕክምና ስም ይጠራል፤ መሣሪያ፣ ጎዝና መርፌ ተቆጥረው በሰውነት ውስጥ የቀረ ነገር አለመኖሩ ይታወቃል። ለምርመራ የተወሰደ ናሙና ካለ የታማሚው ስም ያለበት ጽሑፉ ጮክ ተብሎ ይነበባል። መጨረሻ ላይ ሦስቱም ባለሙያዎች ታማሚው ሲያገግም ምን ሊጠበቅለት እንደሚገባ ይነጋገራሉ።

አመጣጡ

ሐሳቡ የመጣው ከአውሮፕላን አብራሪዎች ነው። ኦክቶበር 30 ቀን 1935 በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት የቦይንግ ኩባንያ ሞዴል 299 አውሮፕላን በሙከራ በረራ ላይ ተነሥቶ ወዲያው ወደቀ። ምክንያቱ የሞተር ብልሽት ሳይሆን መቆጣጠሪያውን የሚይዘው ቁልፍ ከበረራ በፊት ሳይለቀቅ መቅረቱ ነበር። አብራሪው ልምድ ያለው ሰው ነበር፤ ማሽኑ ግን በአንድ ሰው ትውስታ ብቻ የሚያዝ መሆኑ አብቅቶ ነበር። ከዚያ በኋላ አብራሪዎች ከመነሣታቸው በፊት የሚያነቡት ዝርዝር ተዘጋጀ፤ አውሮፕላኑም ኋላ ቢ-17 ተብሎ በብዛት ተመረተ።

ወደ ሕክምና ያመጣው ጎልቶ የሚጠቀስ ሰው በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል የጽኑ ሕሙማን ሐኪም የነበረው ፒተር ፕሮኖቮስት ነው። በትልቅ የደም ሥር ቱቦ ሲገባ ሐኪሙ እጁን መታጠቡን፣ ቆዳውን በመድኃኒት ማጽዳቱንና ታማሚውን ከጀርም በጸዳ ጨርቅ መሸፈኑን የሚያስታውስ አምስት ነጥብ ያለው ዝርዝር አዘጋጀ፤ አንዱ ከተዘለለ ነርሷ ሐኪሙን እንድታስቆም ሥልጣን ተሰጣት። አሠራሩ በሚሺጋን ግዛት ከ100 በላይ በሆኑ የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ተሞክሮ ከቱቦው የሚመጣው የደም ኢንፌክሽን እስከ 66 ከመቶ መቀነሱ በ2006 ታትሟል። በዝርዝሩ ውስጥ ሐኪሞች የማያውቁት አንድም ነገር አልነበረም።

የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ ስለ ቀዶ ሕክምና ደህንነት ፕሮግራም ሲያቋቁም መሪነቱን በቦስተን ለሚሠራው ቀዶ ሐኪምና ጸሐፊ ለአቱል ጋዋንዴ ሰጠ። በ2008 የወጣ ግምት በዓለም ላይ በየዓመቱ 234 ሚሊዮን ያህል ከባድ ቀዶ ሕክምና እንደሚደረግ አሳየ፤ በዚህ ብዛት ላይ ጥቂት ከመቶ እንኳ ስህተት ቢኖር የሚጎዳው ሰው በሚሊዮን ይቆጠራል። አዲስ መሣሪያ መግዛት ለብዙ አገሮች አይቻልም፤ ወረቀት ግን ይቻላል።

የስምንቱ ከተሞች ጥናት

ጥናቱ ከኦክቶበር 2007 እስከ ሴፕቴምበር 2008 በቶሮንቶ፣ ኒው ዴልሂ፣ አማን፣ ኦክላንድ፣ ማኒላ፣ ለንደን፣ ሲያትልና በታንዛኒያዋ ኢፋካራ በሚገኙ ስምንት ሆስፒታሎች ተካሄደ። ምርጫው ሆን ተብሎ ነበር፤ ሀብታምና ድሃ፣ የከተማና የገጠር ሆስፒታል በአንድ ሚዛን እንዲታይ። ዕድሜያቸው 16 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ፣ የልብ ያልሆነ ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸው 3,733 ሰዎች ዝርዝሩ ከመጀመሩ በፊት፣ 3,955 ሰዎች ደግሞ ከተጀመረ በኋላ እስከ 30 ቀን ድረስ ክትትል ተደረገላቸው።

ውጤቱ በጃንዋሪ 2009 በኒው ኢንግላንድ የሕክምና መጽሔት ወጣ። የሞቱት ከ1.5 ከመቶ ወደ 0.8 ከመቶ፣ ከባድ ችግር የደረሰባቸው ከ11 ከመቶ ወደ 7 ከመቶ ወረዱ። የቁስል መመርቀዝ ከ6.2 ወደ 3.4 ከመቶ ቀነሰ። በገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆኑት አገሮች ሞት ከ2.1 ወደ 1.0 ከመቶ ወርዷል። በሀብታሞቹ አገሮች ችግሩ ከ10.3 ወደ 7.1 ከመቶ መውረዱ ብዙዎችን አስገርሟል፤ እነዚያ ሆስፒታሎች የጎደላቸው መሣሪያ አልነበረምና።

ከቁጥሮቹ ሁሉ ይልቅ ነገሩን የሚያስረዱት የአሠራር መለኪያዎቹ ናቸው። ዝርዝሩ ከመምጣቱ በፊት አንቲባዮቲክ በትክክለኛው ጊዜ የተሰጣቸው 56.1 ከመቶ ብቻ ነበሩ፤ በኋላ 82.6 ከመቶ ሆኑ። የታማሚው ማንነትና የሚቀደደው ቦታ በቃል የተረጋገጠው በ54.4 ከመቶ ብቻ ነበር፤ ወደ 92.3 አደገ። ስድስት መሠረታዊ የደህንነት እርምጃዎች በሙሉ የተፈጸሙላቸው ግን ከ34.2 ወደ 56.7 ከመቶ ነው የደረሱት። እንግዲህ ውጤቱ የተገኘው ዝርዝሩ ሙሉ በሙሉ ተሠርቶበት እንኳ ሳይሆን ነው።

ከሠራተኞቹ አምስት አንዱ ያህል ወረቀቱ ቀላል አይደለም ወይም ጊዜ ይወስዳል ብለው ነበር። ራሳቸው ቀዶ ሕክምና ቢደረግላቸው ዝርዝሩ እንዲነበብ ይፈልጉ እንደሆነ ሲጠየቁ ግን 93 ከመቶው «አዎ» አሉ።

የተነሣው ክርክር

የጥናቱ ደካማ ጎን «በፊት»ን ከ«በኋላ» ጋር ማወዳደሩ ነው። በዚያው ጊዜ ዝርዝሩን ሳይጠቀም ለንጽጽር የቆየ ሆስፒታል አልነበረም። ሰው እየታየ መሆኑን ሲያውቅ ሥራውን ያሳምራል፤ ቁጥሩ የወረደው በወረቀቱ ነው ወይስ በመታየቱ የሚለውን ጥያቄ ጥናቱ ብቻውን ሊዘጋው አይችልም ነበር።

የእንግሊዝና የዌልስ ሆስፒታሎች ሁሉ ዝርዝሩን እስከ ፌብሩዋሪ 2010 ድረስ እንዲጀምሩ ታዘዙ። በኔዘርላንድስ በስድስት ሆስፒታሎች የተሞከረውና ታማሚው ከገባበት እስከሚወጣበት ያለውን ጉዞ የሚሸፍን ሰፋ ያለ ዝርዝር ሞትን ከ1.5 ወደ 0.8 ከመቶ ዝቅ አደረገ፤ ይህ ጥናት ለንጽጽር ዝርዝሩን ያልተጠቀሙ ሆስፒታሎችም ነበሩት።

ትልቁ ምት የመጣው ከካናዳ ነው። የኦንታሪዮ ግዛት በ2010 ዝርዝሩን አስገዳጅ ካደረገች በኋላ ተመራማሪዎች በ101 ሆስፒታሎች ከ200 ሺህ በላይ ቀዶ ሕክምናዎችን አወዳደሩ። ሞት ከ0.71 ወደ 0.65 ከመቶ፣ ችግሮች ከ3.86 ወደ 3.82 ከመቶ ብቻ ወረዱ፤ ሁለቱም በአጋጣሚ ሊመጡ የሚችሉ ልዩነቶች ናቸው። ሆስፒታሎቹ ራሳቸው ባቀረቡት ዘገባ ግን ዝርዝሩ በሁሉም ቦታ ማለት ይቻላል ይሞላ ነበር። ተቺዎች ዝርዝሩ ጥቅም የለውም አሉ። ሌሎች ደግሞ የተመረመረው ትእዛዙ እንጂ ዝርዝሩ አይደለም ብለው መለሱ፦ ሥልጠና ሳይሰጥ፣ ቡድኑ ሳይዘጋጅ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከላይ የወረደ ወረቀት ሣጥኑ ምልክት ይደረግበታል እንጂ አይነበብም።

በቀጣዩ ዓመት ከኖርዌይ የወጣው ጥናት ይህን የኋለኛውን ሐሳብ ደገፈ። በሁለት ሆስፒታሎች ዝርዝሩ በየክፍሉ የሚጀመርበት ተራ በዕጣ ተወስኖ፣ ችግር የደረሰባቸው ከ19.9 ወደ 11.5 ከመቶ ወረዱ፤ በአጠቃላይ ሞት ላይ ግን አስተማማኝ ልዩነት አልታየም። በአሜሪካዋ ሳውዝ ካሮላይና በፈቃደኝነት ሙሉ ሥልጠናውን ያጠናቀቁ 14 ሆስፒታሎች የ30 ቀን ሞታቸው በ2010 ከነበረበት 3.38 ከመቶ በ2013 ወደ 2.84 ዝቅ አለ። እዚህም ላይ ጥርጣሬ ማንሣት ይቻላል፤ በፈቃዱ የተሰለፈ ሆስፒታል ቀድሞውንም ለመሻሻል የተነሣ ነውና።

ዝርዝር ሁልጊዜ ሕይወት እንደማያድን ያሳየው ደግሞ ከጋዋንዴ ቡድን ራሱ የወጣ ሥራ ነው። ለወሊድ የተዘጋጀ ተመሳሳይ ዝርዝር በህንድ ኡታር ፕራዴሽ ግዛት በ120 ጤና ተቋማት፣ ከ150 ሺህ በላይ በሆኑ እናቶች ላይ በንጽጽር ተሞከረ። የአዋላጆቹ አሠራር በግልጽ ተሻሻለ። የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት ሞትና ከባድ ጉዳት ግን 15.1 ከመቶ በአንዱ ወገን፣ 15.3 ከመቶ በሌላው ሆኖ ተገኘ፤ ልዩነት የለም ማለት ነው። ቡድኑ ውጤቱን ሳይደብቅ በ2017 አሳተመው።

በኢትዮጵያ

በኢትዮጵያ የጤና ሚኒስቴር ሳልትስ በሚል አኅጽሮት የሚታወቀውን የቀዶ ሕክምና ብሔራዊ ዕቅድ በ2016 ጀመረ። ዝርዝሩ በብዙ ሆስፒታሎች የታማሚው መዝገብ አካል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ወረቀቱን እንደየአካባቢው ማስተካከልን ስለሚያበረታታ አንዳንድ ነገሮች ከአገሩ ልማድ ጋር መግባባት አለባቸው፤ ለምሳሌ የራስ ስም ብቻ መጠየቅ አይበቃም፣ በአንድ ቀን ሁለት ከበደ ሊኖሩ ስለሚችሉ የአባትና የአያት ስምም ያስፈልጋል።

ከዚህም ሌላ «ከጀርም ጸድቷል?» ለሚለው ጥያቄ «አዎ» ብሎ መመለስ የሚቻለው ማጽጃው በትክክል ሲሠራና ይህንንም የሚያሳይ ምልክት በጥቅሉ ውስጥ ሲኖር ነው። ጋዋንዴ በ2011 ከሌሎች ጋር ያቋቋመው ላይፍቦክስ የተባለ በጎ አድራጎት ድርጅት ፐልስ ኦክሲሜትር ለሌላቸው ሆስፒታሎች በማዳረስ የጀመረ ሲሆን፣ ኋላ ከኢትዮጵያ ሐኪሞች ጋር «ክሊን ከት» የተባለ ፕሮግራም በአምስት ሆስፒታሎች ሞከረ። ፕሮግራሙ ስድስት ነገሮችን ተከታተለ፦ የእጅና የቆዳ ጽዳት፣ የጋውን፣ የጨርቅና የጓንት አለመቀደድ፣ የመሣሪያ ከጀርም መጽዳት፣ የአንቲባዮቲክ ሰዓት፣ የጎዝ ቆጠራ፣ ስድስተኛውም ማረጋገጫ ዝርዝሩ ራሱ። እያንዳንዱ ሆስፒታል ጎዙ፣ ጨርቁና መሣሪያው ከየት ተነሥቶ በየት እንደሚያልፍ ደረጃ በደረጃ ተከትሎ የሚሰበርበትን ቦታ ይፈልግ ነበር።

በ2,213 ቀዶ ሕክምናዎች ላይ መረጃ ተሰበሰበ። ከስድስቱ መስፈርቶች በአማካይ ይሟሉ የነበሩት 2.9 ሲሆኑ ከፕሮግራሙ በኋላ 4.5 ደረሱ፤ የመመርቀዝ አደጋም በ35 ከመቶ ቀነሰ። ይህም «በፊት»ን ከ«በኋላ» ጋር ያነጻጸረ ጥናት ስለሆነ ከላይ የተነሣው ጥያቄ እሱንም ይመለከተዋል፤ የተቀነሰው መጠን በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው ያለፈው በጠባብ ልዩነት ነው። ለውጡ አብዛኛውን የመጣው ከአዲስ ዕቃ ሳይሆን በሆስፒታሎቹ ውስጥ አስቀድሞ ያለውን አሠራር ከማስተካከል ነው።