ተጨማሪ ማከማቻ፦ ከሐይቅ እስጢፋኖስ እስከ ሚኒሶታ

ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ በሚገኘው ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም፣ አባ ኢየሱስ ሞዓ በ1280/81 ያስጻፉት አራቱ ወንጌል አለ (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። የአባ ኢየሱስ ሞዓ ሥዕል ይገኝበታል፤ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝርም ተጽፎበታል። የዚህን መጽሐፍ ቃል ማየት የሚሻ ተመራማሪ ሐይቅ ድረስ መሄድ ግድ አይሆንበትም፤ «ኢ.ኤም.ኤም.ኤል. 1832» የሚለውን ቁጥር ከያዘ ቅጂውን ያገኘዋል።

በወሎ መጽሐፍ ሲጠበቅ የኖረው በቦታው አስቸጋሪነት ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስን ውሃ ይጠብቀው ነበር። አምባሰል ውስጥ ግሸን ማርያም መጽሐፈ ጤፉትን ያኖረችው ዙሪያው ገደል በሆነ አምባ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ከተደፈረ ግን ያለው ሁሉ በአንዴ ይሄዳል። በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ የሆነው ይኸው ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ጎንደርን ከመሳሰሉ ቦታዎች ሰብስበው አምባው ላይ ካከማቿቸው መጻሕፍት 350 ያህሉ ተጭነው ብሪቲሽ ሙዚየም ገቡ።

በ1973 ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ቤተ መጻሕፍት፣ በምሕጻሩ ኢ.ኤም.ኤም.ኤል.፣ ሌላ መንገድ መረጠ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ጽሕፈት ቤት፣ የአሜሪካው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ፣ እንዲሁም ሚኒሶታ ኮሌጅቪል የሚገኘው የሂል ብራና ቤተ መጻሕፍት በጋራ አቋቋሙት። ብራናው ገጽ በገጽ ፎቶ ይነሣል፤ መጽሐፉ የባለቤቱ እንደሆነ ይቀራል፤ ፊልሙ ደግሞ አዲስ አበባና ኮሌጅቪል ይቀመጣል። ሥራው የዘውዱን መውደቅና የደርግን ዘመን አልፎ እስከ 1994 ሲዘልቅ 9,000 ያህል መጻሕፍት ተነሥተው ነበር።

ዛሬ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞቻቸው ሰነድ በሚጋሩባቸው እንደ ኔክስትክላውድ ባሉ ሶፍትዌሮች ላይ ተጨማሪ ማከማቻ ሲከፍቱ፣ ሰነዱን ሌላ ቦታ አኑሮ እንዴት ማግኘትና መጠበቅ ይቻላል የሚል ተመሳሳይ ጥያቄ ይገጥማቸዋል። በእነዚህ ሶፍትዌሮች ፋይሉ ራሱ ዲስክ ላይ ይቀመጣል፤ ስሙን፣ ባለቤቱንና ቀኑን የሚይዘው መዝገብ ግን ዳታቤዝ ውስጥ ነው። ዲስኩ ሲጠብ አድሚኑ ሌላ ሰርቨር ወይም ክላውድ ላይ ያለ ቦታ ያክላል። የሚሞላው ቅጽ ፎልደሩ የሚታይበትን ስም፣ የማከማቻውን ዓይነትና አድራሻ፣ የይለፍ ቃሉን፣ በመጨረሻም የትኞቹ ሠራተኞች እንደሚያዩት ይጠይቃል። ከዚያ በኋላ ሠራተኛው ፋይሉ የት እንዳለ ሳያስብ ስሙን ተጭኖ ይከፍተዋል።

ይህ እንዲሆን የመጀመሪያው ጉዳይ መዝገብ ነው፤ የተሟላ መሆን አለበት። በማይክሮፊልሙ ቤት ይህን ሥራ የሠሩት ዊልያም ማኮምበርና ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ጌታቸው በ1975 አዲስ አበባ ውስጥ በጥይት ቆስለው ከአገር ከወጡ በኋላ ኮሌጅቪል ተቀምጠው የየመጽሐፉን ባለቤት፣ ዘመንና ይዘት ሲመዘግቡ ኖሩ። እስከ 1993 ዐሥር ቅጽ ካታሎግ ታተመ፤ የሸፈነው ግን የመጀመሪያዎቹን 5,000 መጻሕፍት ነው። ፎቶ ማንሣት ከመመዝገብ ይፈጥናል፤ ያልተመዘገበውን ፊልም ደግሞ ፈላጊ በቀላሉ አያገኘውም።

ሁለተኛው ጉዳይ ፈቃድ ነው። ሐይቅ እስጢፋኖስ ሴቶች አይገቡበትም፤ ቅጂው በሂል ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ሲወጣ ግን ተመዝግባ የገባች ሴት ተመራማሪ ታነበዋለች። ቦታ ሲጨመር ከቦታው ጋር የነበረው ደንብ አብሮ አይሄድም። መሥሪያ ቤትም የደመወዝ ፎልደሩን ወደ አዲስ ሰርቨር ሲያዞር በሶፍትዌሩ በኩል የከለከለው ሰው በሰርቨሩ በኩል ክፍት በር እንዳያገኝ ሁለቱንም መዝጋት ይኖርበታል።

ብዙዎች የሚስቱት ሦስተኛውን ነው። የማይክሮፊልሙ ቤት ያኖረው ቅጂ ነው። ከዚያ በኋላ ሐይቅ ላይ በኅዳጉ የሚጻፍ ነገር ፊልሙ ላይ አይደርስም፤ አብዛኛው ፊልም ጥቁርና ነጭ በመሆኑም የሥዕሉ ቀለም ቀርቶበታል። በምትኩ ብራናው ቢጠፋ ንባቡ ይተርፋል። የቢሮው ተጨማሪ ማከማቻ ግን ያው ዲስክ የሰፋበት ነው፤ ፋይሉ አንድ ብቻ ስለሆነ አንዱ ሠራተኛ ሲሰርዘው ካለበት ይጠፋል፣ መስመር ሲቋረጥም አይከፈትም። ስለዚህ ባክአፕ ለብቻው መያዝ አለበት፤ የቆዩ ሰነዶች ያሉበት ፎልደርም «ለማንበብ ብቻ» ተብሎ ቢከፈት ይመረጣል። ቅጽ ሞልቶ ቦታ መጨመር የደቂቃዎች ሥራ ነው። አድሚኑ ሥራውን ጨርሻለሁ ማለት ያለበት ከባክአፑ አንድ ፋይል አውጥቶ፣ ከፍቶ ካነበበ በኋላ ነው።